«ሶሌታውን በሸክላ ልሙላው?»፦ ለኮምቦልቻዋ መምህርት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ጠያቂዋ መምህርት ናቸው። በርበሬ ወንዝ አካባቢ ጂ+1 ቤት እያሠሩ ነው። የምድሩ ኮለኖች ቆመዋል። ቀጣዩ ሥራ የአንደኛ ፎቁ ሶሌታ፣ ማለትም የአርማታ ወለሉ፣ ነው። ስፋቱ 90 ካሬ ሜትር ሲሆን ትልቁ ክፍል 4.5 በ5 ሜትር ነው። ኮንትራክተራቸው «በባለ ቀዳዳ ሸክላ ብንሞላው የአርማታውን ግማሽ ያተርፋሉ» አላቸው። ደሴ ያለው ወንድማቸው ደግሞ ግንበኛ ነው። «ሸክላ ላይ ፎቅ አይቆምም፣ ተዪው» አላቸው። እሳቸው መሃል ቀሩ። የጠየቁት ይህን ነው፦ ሸክላው ይችላል ወይ? ቁጠባውስ እውነት ነው? ከሠራሁት ምን ልጠንቀቅ? ድጋፉንስ መቼ ላስነሳ?

አብሽሩ እህቴ። ሁለቱም ሰዎች ከፊል እውነት ይዘዋል። ግን ኮንትራክተሩ ያስቀመጠልዎት ቁጥር ልክ አይደለም። የወንድምዎም ፍርሃት የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው ያረፈው። ሁለቱንም በየተራ ላፍታታቸው።

ከወንድምዎ ልጀምር። ሸክላ ላይ ፎቅ አይቆምም ማለቱ ትክክል ነው። ነገር ግን በዚህ አሠራር ሸክላው ምንም አይሸከምም። ሶሌታ ሸክም ሲያርፍበት ወደ ታች ይጎብጣል። ሲጎብጥ የላይኛው ፊቱ ይጨመቃል፣ የታችኛው ፊቱ ይለጠጣል። አርማታ መጨመቅን በደንብ ይችላል። መለጠጥን ግን አይችልም፤ ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው ፌሮውን ከታች የምናስቀምጠው። እንግዲህ በሶሌታው ታችኛ ግማሽ ያለው አብዛኛው አርማታ ፌሮውን ከመያዝ ያለፈ ሥራ የለውም። ክብደቱ ግን ሙሉ ነው፤ ሲሚንቶም ይበላል።

ስለዚህ ያንን ሥራ ፈት አርማታ እናወጣዋለን። ፌሮው ባለበት መስመር ጠባብ ጎድን እንተዋለን። እሱን ሪብ እንለዋለን። በሪቦቹ መሃል ባለ ቀዳዳ ሸክላ እንደረድራለን። ከላይ በ5 ሳንቲ አርማታ እንሸፍነዋለን። ይህ የላይኛው ንጣፍ ቶፒንግ ይባላል። የድሮዎቹን የደሴ ቤቶች የእንጨት ወለል ያስቡት። ጋድሞቹ ተሸካሚ ናቸው፣ ጣውላው ከላይ ይነጠፋል፣ በጋድሞቹ መሃል ያለው ክፍት ነው። ሪቡ ጋድሙ ነው፣ ቶፒንጉ ጣውላው ነው፤ ሸክላው ክፍቱን ቦታ የሚይዝ ሙሌት ነው። አርማታው ጠንክሮ ካበቃ በኋላ ሸክላው ቢሰበር እንኳ ሶሌታው አይወድቅም። ይህን ለወንድምዎ ይንገሩልኝ።

አገራችንም ለዚህ አሠራር እንግዳ አይደለችም። በ1990ዎቹ አጋማሽ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ አዲስ አበባ ገርጂ የተጀመሩት ወጪ ቆጣቢ ቤቶች፣ ከዚያም የቀጠሉት ኮንዶሚኒየሞች፣ ቀድሞ በተዘጋጀ ሪብና በብሎኬት የተሞላ ሶሌታ ነበር የተጠቀሙት። እዚያ ሙሌቱ የሲሚንቶ ብሎኬት ነው። እርስዎ ጋ ሸክላ ነው። ጥበቡ ያው አንድ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። «ግማሽ ያተርፋሉ» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ባለ 20 ሳንቲ ሸክላ ላይ 5 ሳንቲ ቶፒንግ ሲጨመር ጠቅላላ ውፍረቱ 25 ሳንቲ ይሆናል። ሪቡ 12 ሳንቲ፣ ሸክላው 40 ሳንቲ ወርድ ካለው በአንድ ካሬ ሜትር የሚገባው አርማታ 0.10 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ይህን 25 ሳንቲ ከሚወፍር ሙሉ (ሸክላ የሌለው) ሶሌታ ጋር ካነጻጸሩት 60 በመቶ ተረፈ ማለት ነው። ግን ለ4.5 ሜትር ክፍል 25 ሳንቲ ሙሉ ሶሌታ ማን ይሠራል? የሚሠራው 15 ሳንቲ ነው። ትክክለኛው ንጽጽር ከሱ ጋር ነው።

አብረን እናስላው። 90 ካሬ በ15 ሳንቲ ሙሉ ሶሌታ 13.5 ሜትር ኩብ አርማታ ይወስዳል። በሸክላው ከሄድን ደግሞ ሁሉም ቦታ በሸክላ አይሞላም። ኮለን ከኮለን በሚያገናኙት አግዳሚ ቢሞች ዳር ሸክላ የማይገባበት፣ በሙሉ አርማታ የሚሞላ ጠርዝ ይኖራል። ሽንት ቤቱም እንደዚያው ነው። ይህ 12 ካሬ ያህል ይሁን። በ25 ሳንቲ ሲባዛ 3 ሜትር ኩብ ነው። የቀረው 78 ካሬ በ0.10 ሲባዛ 7.8 ይሆናል። ድምሩ 10.8 ሜትር ኩብ ነው። ልዩነቱ 2.7 ሜትር ኩብ፣ ከመቶ 20 ያህል ብቻ ሆነ። ሲ 25 ለሚባለው የጥንካሬ ደረጃ አርማታ በሜትር ኩብ 7 ከረጢት ሲሚንቶ ብንቆጥር 19 ከረጢት ገደማ ተረፈልዎት፤ ወደ 10 ኩንታል መሆኑ ነው። አሸዋና ጠጠሩም በልኩ ይቀንሳል።

ጥሩ ነው። ግን ያንን ለማትረፍ 600 ያህል ሸክላ ይገዛሉ። 40 በ25 ሳንቲ የሆነው ሸክላ በካሬ ከ7 እስከ 8 ይገባልና። የጭነት አለ፣ የማውረጃ አለ፣ መንገድ ላይ የሚሰበር አለ። ከመቶ 5 ትርፍ ይዘዙ። የሸክላው ዋጋ ከነማጓጓዣው ከ2.7 ሜትር ኩብ አርማታ ዋጋ ከበለጠ በአርማታ በኩል ምንም አላተረፉም። ዋጋ እዚህ አልጽፍልዎትም፤ የዛሬ ዋጋ ለሚቀጥለው ሳምንት አይሆንም። ነገር ግን ሁለቱን ቁጥሮች ይዘው የዕለቱን ዋጋ ራስዎ ያባዙ። ግማሽ ቀን አይፈጅብዎትም።

እንግዲህ ትልቁ ቁጠባ የት ነው? እንጨቱ ላይ ነው። ዋናው ነገሬ ይህ ነውና እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ።

ሙሉ ሶሌታ ሲሠራ 90 ካሬውን በሙሉ ከታች በጣውላ ወይም በላሜራ ይሸፍኑታል። ሞራሌ ይገባል፣ የባህር ዛፍ ድጋፍ ይደረደራል፣ ሚስማር ይገባል፣ የአናጢ ቀን ይቆጠራል። ይህ ከሶሌታው ወጪ ትልቅ ድርሻ ይይዛል። እንጨቱ ደግሞ ከሁለት ሦስት ጊዜ በኋላ ማገዶ ነው። ቀድሞ የተዘጋጀ ሪብ፣ ማለትም የታችኛው እግሩ ከነፌሮው መሬት ላይ ተሞልቶ የጠነከረ ሪብ፣ ከተጠቀሙ ግን ይህ ንጣፍ አያስፈልግም። ሪቡ ራሱ ከቢም እስከ ቢም ይዘረጋል። ሸክላው በጎኑ ከንፈር አለው። ያ ከንፈር በሪቡ እግር ላይ 2 ሳንቲ ያህል ገብቶ ይቀመጣል። ሸክላና ሪብ አንድ ላይ ሆነው ራሳቸው ፎርም፣ ማለትም የአርማታው መሙያ ቅርጽ፣ ይሆናሉ። ከታች የሚያስፈልግዎት ሪቦቹን በየ1.2 ወይም በየ1.5 ሜትር አቋርጦ የሚይዝ ሞራሌና ድጋፍ ብቻ ነው።

ስለዚህ ኮንትራክተሩን አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ «የሪቡን እግር መሬት ላይ ቀድመህ ትሞላዋለህ ወይስ ሙሉ ጣውላ ዘርግተህ ሸክላውን ላዩ ላይ ትደረድራለህ?» መልሱ ሁለተኛው ከሆነ ይተዉት። የጣውላውን ወጪ ሙሉ ከፍለው፣ የሸክላውን ወጪ ጨምረው፣ 10 ኩንታል ሲሚንቶ ብቻ ነው የሚያተርፉት። ለእርስዎ ክፍል ስፋት 15 ሳንቲ ሙሉ ሶሌታ ይሻላል። መልሱ የመጀመሪያው ከሆነ ግን ይቀጥሉ፤ እኔም ቤቴን ብሠራ እሱን እመርጣለሁ።

የቤትዎ ክፍሎች ሰፋፊ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይለወጥ ነበር። ክፍተቱ፣ ማለትም ከቢም እስከ ቢም ያለው ርቀት፣ 5.5 እና 6 ሜትር ሲደርስ ሙሉው ሶሌታ ወደ 18 እና 20 ሳንቲ ይወፍራል። ሪብ ያለው ግን ትንሽ ብቻ ጨምሮ ይችለዋል። ልዩነቱ የሚሰፋው እዚያ ነው።

ስለ ክብደት ብዙ ይወራል። 15 ሳንቲ ሙሉ ሶሌታ በካሬ 375 ኪሎ ይመዝናል። የሸክላው ሶሌታ አርማታው 250፣ ሸክላው 85 ያህል፣ ድምሩ 335 ኪሎ ገደማ ነው። አንድ ሸክላ 11 ኪሎ ይመዝናል ብዬ ነው። በሱ ፈንታ 20 ኪሎ የሚመዝን የሲሚንቶ ብሎኬት ቢያስገቡ ግን 400 ኪሎ ያልፋል። ከሙሉው ሶሌታ የከበደ ሆነ ማለት ነው! ሸክላውን የምወደው በዚህ ነው። «ሸክላ ካጣን በብሎኬት እንሞላዋለን» ካሉዎት እንደ ቀላል ለውጥ አይዩት። ኢንጂነሩ ቢሙን እንደገና ማየት አለበት።

ቢም ካነሳን አንድ ነገር አለ። ሰው የሚዘነጋው እሱን ነው። 4.5 በ5 የሆነ ክፍል ላይ ያረፈ ሙሉ ሶሌታ ሸክሙን ለአራቱም ቢሞች ያካፍላል። ሪብ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሄደው። ሸክሙን ሁሉ ለሁለት ቢሞች ይሰጣል። ሌሎቹ ሁለቱ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። የእርስዎ ኮለኖች ቆመዋል፣ መሠረቱ ወጥቷል። ፕላኑ የተሰላው በሙሉ ሶሌታ ከሆነ ሸክም የሚጨመርባቸው ቢሞች ፌሮ ሊያንሳቸው ይችላል። የፕላኑን ባለሙያ ያስጠሩ። ስሌቱ እንደገና ይሠራ፣ ማሻሻያውም በማዘጋጃ ቤቱ በኩል ይጽደቅ። ሪቦቹ በአጭሩ አቅጣጫ፣ በ4.5 ሜትሩ በኩል ይሂዱ። ለቤትዎ ግምት እንዲኖርዎ ያህል፣ ለ4.5 ሜትር ክፍተት በየሪቡ ከታች ሁለት ባለ 12 ሚሊሜትር ፌሮ አካባቢ ይወጣል። የመጨረሻው ቁጥር ግን ከስሌቱ ይምጣ።

አንዳንዱ ፌራዮ (ፌሮ አሳሪ) ሪቡን 10 ሳንቲ አድርጎ ሁለት ባለ 12 ያስገባበታል። በወረቀት ይገባል። ፌሮዎቹን የሚከብበው ቀለበት ብረት፣ ስታፋው፣ ከታሰረ፣ ከዳርና ከዳር 2.5 ሳንቲ ሽፋን ከተተወ በኋላ ግን በሁለቱ ብረቶች መሃል የሚቀረው 1.4 ሳንቲ ነው። ጠጠር አያልፍበትም። 12 ሳንቲ ያልኩት ለዚህ ነው። የቀድሞው የአገራችን የአርማታ ደንብ ሪብ ከ7 ሳንቲ እንዳይጠብ ነበር የሚያዘው። ያ ዝቅተኛው ነው፤ ለሚመች ሥራ በቂ አይደለም።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ልምጣ። እኛ የምንኖረው የት ነው? ከኮምቦልቻ በሐረጎ ወደ ደሴ ሲወጡ የሚያዩት ገደል ሁሉ የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ነው። መሬቱ ዛሬም ይንቀሳቀሳል። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተደቡብ በካራቆሬ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። ካራቆሬ ሩቅ አገር አይደለም፤ በአዲስ አበባ መንገድ የምናልፍበት ነው። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተከታተለውንም ሁላችንም እናስታውሰዋለን።

መሬት ሲነቃነቅ ሶሌታ የሚፈለግበት ሌላ ሥራ አለ። ኮለኖቹን ሁሉ እንደ አንድ ትሪ ይዞ አብረው እንዲሄዱ ማድረግ አለበት። ሙሉ ሶሌታ ይህን በቀላሉ ያደርገዋል። በሸክላ የተሞላው ግን ይህን የሚያደርገው በቶፒንጉ ብቻ ነው። ስለዚህ 5 ሳንቲው ቶፒንግና በውስጡ ያለው መረብ ብረት የቤትዎ ማሰሪያ ነው። ብዙ ቦታ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀረው ግን እሱ ነው። «ሪቡ ብረት አለው፣ ለምን ላዩ ላይ ሌላ?» ይባላል። እባክዎ እዚህ ላይ አይደራደሩ። ባለ 6 ብረት በየ20 ሳንቲው በሁለቱም አቅጣጫ ይታሰር። ዳርና ዳሩ ከቢሙ ብረት ጋር ይያያዝ። ሸክላው ላይ ተጋድሞ እንዳይቀር ከሥሩ ማንሻ ይደረግለት። ከሲሚንቶ ሞርታር በቁራጭ የሚሠራው ማንሻ ይበቃል። አሁን ያለው ደንብ ቋሚ ሙሌት ላለው ሶሌታ 4 ሳንቲ ቶፒንግ ይፈቅዳል። እኔ 5 የምለው ሠራተኛ ሲደለድል አንድ ሳንቲ የትም ስለሚጠፋ ነው።

በቢሙ ዳር ሸክላ አይግባ ያልኩትም ምክንያት አለው። ሶሌታው በቢሙ ላይ አልፎ ወደሚቀጥለው ክፍል ሲሄድ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ጋ የሚለጠጠው የላይኛው ፊት ነው፣ የሚጨመቀው የታችኛው። ሪቡ ከታች 12 ሳንቲ ብቻ ነው፤ ለመጨመቅ ይጠበዋል። ሸክላው ደግሞ አይረዳውም። ስለዚህ ከቢሙ ግራና ቀኝ ከ25 እስከ 50 ሳንቲ በሙሉ አርማታ ይሞላል። በየሪቡ አናት ላይም ቢሙን የሚያቋርጥ ፌሮ ይጨመራል። ርዝመቱ ወደ እያንዳንዱ ክፍል የክፍተቱን ሩብ ያህል ይግባ።

ሌላም ፈተና ይመጣብዎታል። «ሶሌታው 25 ሳንቲ ስለሆነ ቢሙን ውስጡ እንደብቀው፣ ኮርኒሱ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ያምራል» ይሉዎታል። እውነትም ያምራል። ግን በእኛ አካባቢ አይቀበሉ። 25 ሳንቲ ውስጥ የተደበቀ ቢም ኮለኖቹን በደንብ አያስርም። ሲወዛወዝ ይጎብጣል። ከኮለን ኮለን የሚሄደው ቢም ከሶሌታው በታች ወርዶ ይታይ።

ሸክላውን ስለ መምረጥ። ወሎ ውስጥ ሸክላ ለማንም አዲስ አይደለም። ጀበና ሲገዙ በጣትዎ ይመቱታል አይደል? ይህንንም እንደዚያው ይምቱት። ጥርት ያለ ድምፅ ካለው በደንብ ተቃጥሏል። ድፍን ድምፅ ካለው ወይ ጥሬ ነው ወይ ተሰንጥቋል። ከዚያ ሁለት ጫፉን በድንጋይ ላይ አስቀምጠው ሁለት ጎልማሶች ይቁሙበት። ከተሰበረ ጭነቱን ይመልሱ። ሸክላው ቤቱን ባይሸከምም አርማታው እስኪደርቅ ሠራተኛውን ይሸከማል። በሥራው ሰዓት ሰው ተሰብሮ የሚወድቅበት እሱ ነው። ለዚህም ጋሪ በቀጥታ በሸክላው ላይ አይነዳ። ጣውላ ይነጠፍለት። ሦስተኛ፣ አንድ ደረቅ ሸክላ መዝነው 24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ያስቀምጡና እንደገና ይመዝኑት። ከክብደቱ ከመቶ 20 በላይ ከጠጣ አይሆንዎትም።

ይህ የውሃ ነገር የራሴ ቁስል ነው። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት እዚያው ኮምቦልቻ አንድ ሶሌታ ስከታተል ነበር። የመጋቢት ከሰዓት በኋላ ነው፣ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ነፋስ አለ። ሸክላው ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ውሎ ነበር። ውሃ ሳናጠጣው ሞላን። አርማታው ሪቡ ውስጥ ሲገባ ከግራና ከቀኝ ሸክላው ውሃውን መጠጠው። አርማታው ከመውረዱ በፊት ደረቀ። ድጋፉ ሲነሳ የሦስት ሪቦች ሆድ እንደ ማር እንጀራ ባዶ ባዶ ነበር፤ ፌሮው ይታያል። ቶፒንጉን ቆርጠን፣ ሪቦቹን አፍርሰን እንደገና ሠራን። የባለቤቱን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳውም። አንድ በርሜል ውሃ ነበር የጎደለው። እርስዎ ጋ ከመሙላቱ በፊት በነበረው ማታ ሸክላው በደንብ ይጠጣ። ጠዋትም እንደገና ይረጭ። ሲሞላ እርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ አይቋጥር።

ከመሞላቱ በፊት የሸክላው የጫፍ ቀዳዳዎች ይደፈኑ። በየሰልፉ መጨረሻ ያለው ሸክላ አፉ ወደ ሙሉው ጠርዝ ክፍት ነው። ካልተደፈነ አርማታው እየገባ ይሞላዋል። የገዙትን ባዶ ቦታ በሲሚንቶ ሞሉት ማለት ነው፤ ክብደትም ይጨምራል። በቀጭን ሞርታር ወይም በተቀደደ የሲሚንቶ ወረቀት መድፈን ይበቃል። የሸክላዎቹ መጋጠሚያ ተጠጋግቶ ይሰለፍ።

ጠጠሩ ከ20 ሚሊሜትር አይብለጥ። አርማታውን እያነዘረ የሚያስገባው ቫይብሬተር ቀጭን መርፌ ያለው ይሁን። ወፍራሙ ሪቡ ውስጥ አይገባም፣ ሸክላውንም ይሰብራል። ከእግሩ በላይ ያለው የሪቡ ክፍልና ቶፒንጉ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ቀን ይሞሉ። ዛሬ ሪቡን ሞልቶ ነገ ቶፒንጉን ማልበስ የለም። ቀድሞ የተዘጋጀው የሪብ እግር ላይ ደግሞ የላይኛው ፊቱ ሻካራ ሆኖ ይቅር። አይለስለስ። አዲሱ አርማታ የሚይዘው በሱና ከሪቡ ወጥቶ በሚታየው ዚግዛግ ብረት ነው። የሪቡ እግር 16 ሳንቲ ወርድና 6 ሳንቲ ውፍረት ቢኖረው 4.5 ሜትሩ 110 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አራት ሰው ያነሳዋል፤ ክሬን አያስፈልግም። መሃሉን ብቻ ይዘው አያንሱት። ይሰነጠቃል።

ሪቦቹ ሲደረደሩ መሃላቸው 1 ሳንቲ ያህል ከፍ ብሎ ይደገፍ። ሲሞላ ቀጥ ይላል።

አንደኛ ፎቅ ላይ ክፍል የሚለይ ግንብ ካለ ቦታውን አሁን ይወስኑ። 15 ሳንቲ ብሎኬት ተገንብቶ ሲለሰን በአንድ ሜትር ርዝመት ከ500 እስከ 700 ኪሎ ይመዝናል። ከሪቡ ጋር ትይዩ የሚሄድ ከሆነ ያለ ሥሩ ድጋፍ በሸክላ ላይ አያርፍ። ከሥሩ ሁለት ሪብ ጎን ለጎን ይሁን። ሽንት ቤትና መታጠቢያው ቤት ሙሉ ሶሌታ ይሁኑ። ቧንቧ ያልፋል፣ ውሃ ይሰርጋል፣ ሪብ በኋላ አይበሳም። በረንዳው ወደ ውጭ ከወጣ እሱም ሙሉ። ደረጃውም እንዲሁ።

የታችኛው ልስን ላይ ትንሽ ቅሬታ ሊመጣ ይችላል። ሸክላው ልስን በደንብ ይይዛል። ሪቡ ግን አርማታ ስለሆነ ውሃ የሚጠጣው በሌላ መጠን ነው። ከጊዜ በኋላ ኮርኒሱ ላይ ቀጫጭን መስመር ይታያል። ይህ የቤቱ ስንጥቅ አይደለም፤ አያስደንግጥዎት። የዶሮ ሽቦ ሪቡ ሥር ቢቸነከር ይቀንሰዋል። መብራት ወይም ከባድ ነገር የሚሰቀልበትን ቦታ ደግሞ ከመሙላቱ በፊት ሪቡ ላይ መንጠቆ ያስቀሩለት። ሸክላ ላይ የሚገባ ቡሎን አይታመንም።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ድጋፉ መቼ ይነሳ የሚል ነበር። የኮምቦልቻ ፀሐይና ነፋስ ቶፒንጉን በሰዓታት ውስጥ ያደርቀዋል። 5 ሳንቲ ነው፤ የሚያቆየው ውሃ የለውም። በሞላ በማግስቱ ጠዋት ጆንያ ይነጠፍበትና ቢያንስ 7 ቀን፣ ቢቻል 14 ቀን እርጥበቱ አይለየው። ድጋፉ 21 ቀን ይቆይ። ወንድምዎ ደሴ ላይ ቢሠራ ኖሮ 28 ቀን እለው ነበር፤ እዚያ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፣ አርማታ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። ሲነሳ ከክፍሉ መሃል ተጀምሮ ወደ ቢሞቹ ይኬድ። የፎቁ ግንብ ሥራ ድጋፉ ሳይነሳ ከተጀመረ ደግሞ ብሎኬቱን አንድ ቦታ አያስከምሩት፤ በየቢሙ አጠገብ ተበትኖ ይቀመጥ። ከዚያ በፊት ግን፣ ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ወንድምዎን ከደሴ ያስመጡት። መረብ ብረቱን፣ የዳሩን ሙሉ ጠርዝና የተደፈኑትን ቀዳዳዎች በዓይኑ ይቁጠርልዎት።